ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቃሬዛ

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

አምቡላንሷ ዛሬ ቀበሌያችን ገባች። ባለሦስት እግር ናት፤ ባጃጅ ላይ ነጭ ሳጥን የጫኑባት ነው የምትመስለው። እኔ ግን አውሮፕላን ያሳረፍኩ ያህል ነው ደስ ያለኝ። በአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሩቅ ቀበሌዎች አምቡላንስ ስጨቀጭቅ "አምቡላንሷ መጣች" እያሉ ሲስቁብኝ ከርመዋል። ይሳቁ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከአባላቱ ሁሉ ታናሿ፣ ያልኩትንም አድርጌአለሁ።

ንግግሬ ጥሩ ነበር። ለገዛ ደብተሬ ምን ብዬ ልዋሽ። ወረቀቱ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ደግሞ እዚያው መድረኩ ላይ መጣልኝ። የቃሬዛ ማህበሩ ሰዎች ከፊት ተቀምጠው ነበር። አርባ ሁለት አባወራ ናቸው። ሰው ሲታመም ጥሩንባ ይነፋል፣ ተረኞቹ ይወጣሉ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ አስፋልት ያደርሳሉ። እኔንም በልጅነቴ የሳንባ ምች ይዞኝ ተሸክመውኛል። "እናቶቻችን በሰው ትከሻ የሚጓዙበት ዘመን አበቃ" አልኩና፣ ቃሬዛውን ለእንጅባራ የባህል አዳራሽ እንዲሰጡን ጠየቅኩ፤ ልጆች ድሮ እንዴት እንደነበርን ግድግዳ ላይ እንዲያዩት። ጭብጨባው ቀለጠ።

የማህበሩ ዳኛ አያ ይሄይስ ተነሡ። "ክረምቱ ይለፍና እንስጥሽ ልጄ" አሉ።

"አያ ይሄይስ፣ አምቡላንስ ደጅዎ ቆማ ቃሬዛ ይናፍቅዎታል እንዴ?" አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ሰጡ።

እህቴ የሻረግ ከሴቶቹ መሀል ሆዷን ይዛ ቆማ ነበር። ስድስት ወሯ ነው። መጀመሪያ እልል ያለችው እሷ ናት።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ቃሬዛው ተሰቀለ። ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ፣ መሀሉ በጠፍር የተጠለፈ። ከሥሩ "የጥንት አምቡላንስ" የሚል ጽሑፍ አስለጠፍኩ። ፎቶ ተነሣሁ፤ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ እስካሁን ሰው ይወደዋል።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ በዛብህ ሻይ ጋበዙኝ። በሚመጣው ምርጫ ለክልሉ ምክር ቤት ዕጩ ሆኜ እንድቀርብ ስሜን ሊያነሡ እንደሆነ ነገሩኝ። "ወጣት ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ የሚታይ ሥራ አለሽ" አሉ። ሻዩን ስኳር ሳላደርግበት ጠጥቼ ጨረስኩት፤ ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ስብሰባ። ዝናብ። ደግሞ ስብሰባ። የሻረግ ደውላ ነበር፤ እግሯ አብጧል። ነገ እደውልላታለሁ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

አልደወልኩም። እሷው መልሳ ደወለች። እንደ ልማዷ የራሷን ትታ "በልተሻል?" ብላ ነው የምትጀምረው። አያ ይሄይስ በደጇ ሲያልፉ "ያቺ ልጅ ቃሬዛውን መቼ ትመልስልን ይሆን" ብለው ጠየቋት አለችኝ። ለእይታ የተሰጠ ዕቃ አይመለስም አልኳት። "እሺ፣ እንዲያ ብዬ እነግራቸዋለሁ" አለች።

የሻረግ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አቋረጠችና እኔ እንጅባራ ቤት ተከራይቼ እንድማር በየሳምንቱ ድንች ተሸክማ ገበያ ስትወጣ ኖረች። "እኔ ጭንቅላቴ አይቀበልም" ትል ነበር። ውሸት ነው። ከእኔ ትበልጥ ነበር። እታለም እላታለሁ፤ እሷ አሁንም "ቁንጫዬ" ትለኛለች፣ የምክር ቤት አባል ሆኜም።

ቅዳሜ ሄጄ አያታለሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ማክሰኞ ከክልሉ እንግዶች ይመጣሉ፤ የምሳው ግብዣ ላይ ስለ ሥራዬ እንድናገር አቶ በዛብህ አዘውኛል። ቀኑን ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ነኝ። የሻረግ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች። ብዙ ደም ፈሷታል። ባሏ ሀብቱ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርቆበት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። እንግዶቹን በቅጡ ሳልሰናበት ነው የመጣሁት። ይህን ለምን እጽፋለሁ። አምላኬ፣ እህቴን።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

በሕይወት አለች። ማህፀኗን አውጥተውታል። ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ ኪሎ ተኩል፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ናት። ሐኪሙ "እናያለን" ብቻ ነው ያለን።

ሀብቱ የነገረኝን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰባት ሰዓት ላይ ድንች ስታጥብ ደም አየች። አምቡላንሷ ወዲያው ተነሣች፣ ግን የወንዙ መሻገሪያ ላይ ጭቃው እስከ ሳጥኗ ዋጣት። ጥሩንባ ተነፋ። ከአርባ ሁለቱ የመጣው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ማህበሩ ቀርቷል ብሎ ገሚሱ ገበያ፣ ገሚሱ እርሻ ነበር። ቃሬዛው ደግሞ እንጅባራ ግድግዳ ላይ ነው። መሰላል አወረዱ፣ ጋቢ አነጠፉበት፣ እሷን በገመድ አሰሯት። ጠፍር ከሰው ገላ ጋር ይለመጣል፤ የመሰላል እርከን አይለመጥም። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራታባቸዋለች። አስፋልት ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው፤ ከዚያ ድንች የጫነ አይሱዙ አነሣቸው። በቃሬዛ ያ መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አያ ይሄይስ በሰዓት ለክተው ያውቁታል።

"ላንቺም ደውለን ነበር" አለኝ ሀብቱ። "የሆስፒታሉን ላንድክሩዘር እንድትልኪልን። ምን ዋጋ አለው፣ ኔትወርክ እምቢ አለ።"

"አዎ፣ ኔትወርክ አልነበረም" አልኩት።

ላንድክሩዘሩ ያንን ጭቃ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሾፌሩ ቁጥር እኔ ስልክ ውስጥ አለ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ኔትወርክ አልነበረም። በክረምት ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቃል። እንግዶቹ በሆቴሉ ዋይፋይ የልጆቻቸውን ቪዲዮ እያሳዩን ነበር፣ ግን ዋይፋይ ሌላ ነገር ነው።

ስልኬ ሞልቷል። የቆዩ ጥሪዎችን አጠፋሁ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ነርሷ ኢንሳፍ ትባላለች፣ የዳንግላ ልጅ ናት፣ አባቷ እዚያ ሱቅ አላቸው። ምላሷ ስለት ነው። ዛሬ ሕፃኗን ከሳጥኑ አወጣችና "የተከበሩ፣ ልብስዎን ይክፈቱ" አለችኝ።

"እኔ?"

"እናትየዋ ገና መቀመጥ አልቻለችም። ሕፃኗ የሰው ገላ ሙቀት ያስፈልጋታል። አባትየውን ወዲያ ልኬዋለሁ፣ ደረቱ ሁሉ ፀጉር ነው። የቀሩት እርስዎ ነዎት።"

ሕፃኗን ራቁቷን ደረቴ ላይ አስቀምጣ በነጠላ አሰረችብኝ። የምትመዝነው ምንም ያህል አይደለም፤ ልቧ ግን ከእኔ ልብ በእጥፍ ይሮጣል፣ በቆዳዬ ይሰማኛል። ፈርቼ ትንፋሼን ያዝኩ። ኢንሳፍ ጆሮዬ ላይ "ይተንፍሱ የተከበሩ፣ እሷ ከእርስዎ ነው የምትማረው" አለችኝ።

ሦስት ሰዓት አቀፍኳት። አልቅሼ ነጠላውን አበሰበስኩት። ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚህ ሰው ወድጄ አላውቅም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ደረት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ሆነች። ቀንሳለች። ኢንሳፍ መጀመሪያ ሁሉም ይቀንሳሉ ትላለች። አላመንኳትም።

የሻረግ ዛሬ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ልጇን ደረቴ ላይ አየቻትና "አንቺ ልጅ፣ ወተት የለሽ፣ ምን አድርገሽ ነው ዝም ያሰኘሻት?" አለች። ስትስቅ ስፌቱ አመማት። ከዚያ እጄን ያዘች። ማህፀኗ መውጣቱን ነግረዋታል። "ሁለት ወንዶች አሉኝ፣ ይቺ ከተረፈች ሦስት። ስንት እፈልጋለሁ?" አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሱን ትቼ ሕፃኗ ሴት በመሆኗ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኳት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ነገ መደበኛ ጉባኤ ነው። የአምቡላንሶቹን ሪፖርት የማቀርበው እኔ ነኝ። በግራ እጄ ሕፃኗን ደግፌ በቀኜ እየጻፍኩ ነው። ፊደሌ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ጋድሏል።

አቶ በዛብህ እዚህ ድረስ መጡ፤ ለየሻረግ ብርቱካን ይዘው። ጥሩ ሰው ናቸው። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ "የቃሬዛውን ነገር ከሪፖርቱ አውጪው" አሉኝ። "መደበቅ አይደለም። ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ነው፣ ጊዜው አይደለም ማለቴ ነው። ሌላ ጊዜ በዝግ ስብሰባ ታነሽዋለሽ።"

ተመልሼ ስገባ ኢንሳፍ "ልብዎ ሲመታ ትሰማለች፣ ይረጋጉ" አለችኝ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ተናገርኩት። አምቡላንስ ያለ ማህበር ጭቃ ላይ ሳጥን ብቻ እንደሆነ፣ ቃሬዛውን ከሰው እጅ ነጥቄ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አዛውንቱ ክረምቱ ይለፍ ሲሉኝ ሰው እንዲስቅባቸው ማድረጌን ሁሉ። የቃሬዛ ማህበራት ሁሉ ቃሬዛቸውን እንደያዙ ከአምቡላንሶቹ ጋር አብረው እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረብኩ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። የጠበቅኩት ስድብ ነበር፤ ያገኘሁት ጭብጨባ ነው። አንዲት አሮጊት አባል መጥተው ሳሙኝ።

ችግሩ ከጭብጨባው በፊት የሆነው ነው። አቶ በዛብህ ሊያግዙኝ ብለው እጃቸውን አወጡና "የተከበሩ ስሜነሽ፣ በዚያን ቀን ተደውሎልዎት ነበር?" ብለው ጠየቁ። አፌ እንደ ለመደው "ኔትወርክ አልነበረም" አለ። ጸሐፊው ጻፈው። አሁን ቃለ ጉባኤ ላይ ነው፣ በስሜ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ኔትወርክ ነበር።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሀብቱ የሚለውን ስም አየሁት። እንግዳው ስለ እኔ እየተናገረ ነበር፤ "እንዲህ ያለ ወጣት ነው የምንፈልገው" እያለ። ስልኩን ገለበጥኩት። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ናፕኪን ደረብኩበት። የሻረግ ቅቤ ልካልኝ ይሆናል፣ መነኻሪያ ሄደሽ ተቀበይ ሊለኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ በማላውቀው ቁጥር ሲደወል ግን አንሥቼ "ሄሎ፣ ስሜነሽ ነኝ" አልኩ፣ በዚያ የቢሮ ድምፄ። ለማላውቀው ሰው አነሣሁ።

ይኸው ነው። ጻፍኩት። ከጻፍኩት በኋላ ይቀለኛል ብዬ ነበር።

ሕፃኗ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። ጨመረች።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ቃሬዛውን መለስኩት። "የጥንት አምቡላንስ" የሚለውን ጽሑፍ ራሴ ገነጠልኩና ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጫንኩት። ረዳቱ "እህቴ፣ ለማን ነው?" ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ለሁላችንም ነው አልኩት፤ ግራ ገባው።

አያ ይሄይስ ደጃቸው ላይ ተቀብለው በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠፍሩን በጣታቸው ፈተሹ። አዳራሹ ውስጥ ደርቆ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። ቅባት አመጡና ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠፍሩን ስናሽ ዋልን።

"ቀርከሃው የአማቴ ነው" አሉኝ። "ሁለት ዓመት ጪስ ላይ አድርቆት ነው የሠራው። አዲስ እንቁረጥ ብንል በክረምት እርጥቡ ይጎብጣል። ለዚያ ነበር ክረምቱ ይለፍ ማለቴ።"

"ለምን ያን ጊዜ እንዲህ ብለው አልነገሩኝም?"

"ልጄ ነሽ፣ በሰው ፊት እየተናገርሽ ነበር። ደስ ብሎሽ ነበር።" ጠፍሩን ገለበጡና "ሲደወልልሽ አለመገኘትሽም የኔትወርክ ጣጣ ነው፣ የሻረግ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆና ነግራናለች። ራስሽን አትውቀሺ" አሉ።

አንገቴን ደፍቼ ጠፍሩን ማሸት ቀጠልኩ።

ማህበሩ ውስጥ እንዲመዘግቡኝ ጠየቅኳቸው። ሴት ተሸክማ አታውቅም አሉ። ትከሻዬን ወደ ትከሻቸው አስጠግተው ለኩት፤ ተሸካሚ የሚጣመደው በቁመት ነው፣ አለዚያ በሽተኛው ወደ አጭሩ ይንሸራተታል። "ከአጫጭሮቹ ጋር ትሆኛለሽ" አሉና አርባ ሦስተኛ ብለው ጻፉኝ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አቶ በዛብህ ደወሉ። ንግግሬ አልጎዳኝም፤ እንዲያውም ዝርዝሩ ላይ ወደ ላይ ወጥቻለሁ። "ስህተቱን በአደባባይ የሚያምን ሰው ብለውሻል" አሉ። ስልኩን ዘጋሁና ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሃምሳ። ዛሬ የሻረግ ናት ያቀፈቻት። የእኔን ደረት በረደው፤ አፈርኩ ግን ቀናሁ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ትናንት ሁለት ኪሎ ሞላችና ወደ ቤት ወጡ። ኢንሳፍ እስከ በሩ ሸኘችን። ሕፃኗን ሳመቻትና እኔን "አንቺ ደግሞ አግቢና የራስሽን ውለጂ፣ ደረትሽ ጥሩ ነው" አለችኝ። የተከበሩ ማለቷ ቀርቷል።

ዛሬ ከሰዓት የሻረግ ቤት ነን። ዝናቡ ቆሟል። ሀብቱ ከልጆቹ ጋር ከብት ሊያስገባ ወርዷል። የሻረግ አልጋው ላይ ሕፃኗን እያጠባች፣ እኔ ከእግሯ ሥር ዱካ ላይ ነኝ። ከእንጅባራ ስነሣ ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ንግግር ማጥናት እችልበታለሁ። አንዱም አልመጣ አለኝ።

"እታለም፣ ያን ዕለት ኔትወርክ ነበር" አልኳት። "ስማችሁን አይቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ። ምሳ ላይ ነበርኩ፣ እያሞገሱኝ ነበር፣ አላነሣሁም።"

ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረቻት። ቀና ብላ አላየችኝም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ሀብቱ ደውሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና ገመዱን ሊያጠብቅ ሄደ። ሲጠራ ሰማሁት። እስኪዘጋ ድረስ ጠራ። እንደገና ራሴ ደወልኩ። አሁንም ጠራ።" የሕፃኗን ጭንቅላት በመዳፏ ዳሰሰች። "ሀብቱ መጥቶ ምን አለች ሲለኝ ኔትወርክ የለም አልኩት። አሥራ አንዱም ሰዎች ቆመው ነበር። እህቷ ስልክ ዘጋችባት እንዲሉሽ አልፈለግኩም። እሞታለሁ ብዬም ነበር፤ ከሞትኩ ከአንቺ ሌላ ልጆቼን ማን ያያቸዋል? ሀብቱ ቂም ይዞብሽ ደጁን ቢዘጋብሽስ?"

ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። አላባበለችኝም፣ አልገፋችኝም። እጇን አንገቴ ላይ አሳረፈችው፤ ሕፃኗ ስትጠባ የምታሰማው ድምፅ ከላዬ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በአዊኛ፣ እናታችን ስትቆጣን በምትናገርበት ድምፅ፣ ቀና በይ አለችኝ። ቀና አልኩ።

"ተቀይሜሻለሁ" አለች። "በጣም ነው የተቀየምኩሽ። ግን እንዳላጣሽ ነው የፈራሁት። ሁለቱም አንድ ላይ አለብኝ፣ ምን ላድርገው።"

"ቃለ ጉባኤውን ነገ አስተካክላለሁ። ለአቶ በዛብህ፣ ለሁሉም..."

"የቢሮሽን አንቺ ታውቂያለሽ። ለሀብቱ ግን ራስሽ ትነግሪዋለሽ። ዛሬ። እኔ ሁለተኛ አልዋሽልሽም ቁንጫዬ።"

ከታች የከብቶቹ ድምፅ መጣ። ተነሥቼ ደጁ ላይ ወጣሁና ቆምኩ። ሀብቱ በትሩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ትንሹን ልጅ በአንድ እጁ ይዞ ሽቅብ እየመጣ ነበር። ሲያየኝ ከሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ፣ እኔም አወዛወዝኩለት፤ ከዚያ ልገናኘው ወደ ታች ወረድኩ።